ቆሽት የሚያሳርር ገበያ

«ሪኤጀንት አልቋል፤ ውጪ አሠሩት።» ይህችን ቃል በሐኪም ቤት መስኮት ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ። እኔ አጎቴን ይዤ በሄድኩበት ቀን ተብያለሁ። እንዴት ቆሽቴ እንዳረረ! የሚገርመው ደግሞ ምርመራው የታዘዘለት ለቆሽቱ ነበር።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ የቤተ ሙከራ ሰው አይደለሁም። ግን እዚያ መስኮት ላይ የቆመ ሁሉ ሳያውቀው የአንድ ገበያ ደንበኛ ነው። እናም ገበያው ምን እንደሚመስል ለማወቅ ማንበብ ያዝኩ።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ አካል ነው። ኢንሱሊን ከማመንጨቱ ሌላ፣ የበላነውን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ወደ አንጀት ይልካል። ላይፔዝ ስቡን፣ አሚሌዝ ስታርቹን፣ ኤላስቴዝ ደግሞ ፕሮቲኑን ይፈጫሉ። ከእነዚህ ውስጥ ኤላስቴዝ ጠንካራ ነው፤ አንጀትን አቋርጦ ብዙም ሳይፈርስ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ስለዚህ በ1 ግራም ሰገራ ውስጥ መጠኑ ከ200 ማይክሮግራም በታች ከሆነ፣ ሐኪሙ «ይህ ቆሽት ሥራውን እየሠራ አይደለም» ብሎ ይጠረጥራል።

ታዲያ በዚያ ሁሉ ነገር መሃል ኤላስቴዝን ብቻ ለይቶ የሚይዘው ማነው? አንቲቦዲ ነው። ሰውነታችን ጀርም ለመያዝ የሚሠራው ያው ፕሮቲን፣ በቤተ ሙከራ ተመርቶ በትንሽዬ ብልቃጥ ይሸጣል። አንድ ዓይነት አንቲቦዲ በብዛት የማምረቻውን ዘዴ ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስቴይን እ.ኤ.አ. በ1975 አስተዋወቁ፤ በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት። ጥሩ አንቲቦዲ የሰውን ኤላስቴዝ ከአሳማ ኤላስቴዝ ይለያል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቆሽታቸው የደከመ ሕሙማን የሚወስዱት መድኃኒት ከአሳማ ቆሽት የሚሠራ ነውና።

ችግሩ ጥሩውን ከመጥፎው ገዢው በዓይኑ መለየት አለመቻሉ ነው። እዚህ ጋ የኔ ትምህርት ይገባል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ እንዲህ አለ፦ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣዋል። እኛ ይህን ለማወቅ አከርሎፍ አያስፈልገንም። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤ፣ የሸክላ ዱቄት የገባበት በርበሬ አይተናል። ቅቤን ግን ቢያንስ ቀምሰን እናጣራለን። አንቲቦዲን ማን ይቀምሳል?

የዋጋውን ክብደት የቶሮንቶው ተመራማሪ ኤሌፍቴሪዮስ ዲያማንዲስ ያውቁታል። ቡድናቸው በቆሽት ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን የቆሽት ካንሰርን ይጠቁማል ብሎ ተስፋ አደረገ፤ መለኪያ ኪትም ገዛ። ከሁለት ዓመት ድካምና ከ500,000 ዶላር ወጪ በኋላ እውነቱ ወጣ። በኪቱ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ይይዝ የነበረው የተባለውን ፕሮቲን ሳይሆን ሲኤ 125 የተባለ ሌላ የካንሰር ጠቋሚ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማን ናሙናዎችም አብረው ባከኑ።

ይህ የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ አይደለም። በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች የፈረሙበት ጽሑፍ በመጥፎ አንቲቦዲ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚባክን ገምቷል። ደግነቱ መድኃኒቱም ታውቋል፦ በገለልተኛ ወገን ማስፈተሽ። በ2023 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት ከ600 በላይ አንቲቦዲዎች ተፈተኑ። ፈተናው ቀላል ነው፤ የሚፈለገው ፕሮቲን ሆን ተብሎ ከጠፋበት ሴል ላይ አንቲቦዲው «አገኘሁ» ካለ፣ ዋሽቷል ማለት ነው። አምራቾችም ውጤቱን አይተው ከወደቁት የተወሰኑትን ከገበያ አነሱ፤ የሌሎችንም የአጠቃቀም መመሪያ አስተካከሉ። ገዢው መረጃ ሲያገኝ ገበያው ይታረማል ማለት ይሄ ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ ለሕሙማን ምርመራ የሚሸጡ ኪቶች ለምርምር ከሚሸጡት ይልቅ የጠበቀ ቁጥጥር አለባቸው። ይሁን እንጂ እንደኛ ሪኤጀንትን በውጭ ምንዛሪ ለሚገዛ አገር የማይሠራ ዕቃ ኪሳራው እጥፍ ነው፤ ዶላሩም ይሄዳል፣ በሽተኛውም በተሳሳተ ቁጥር ይታከማል። በጨረታ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል» ብቻ ካልን፣ በአከርሎፍ ሒሳብ መጥፎውን ራሳችን እየጠራነው ነው። ከዋጋው ጎን «ማን ፈተሸው?» የሚል ጥያቄ ይቀመጥ።

አጎቴ በመጨረሻ ውጪ አሠራ፤ ውጤቱንም በወረቀት ይዞ መጣ። «ቁጥሩ ልክ ነው?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። ያን ጊዜ ስለዚህ ገበያ ምንም አላውቅም ነበር። ዛሬ ቢጠይቀኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም አንድ ሁለት ነገር እጠይቅ ነበር።