ጥርስ በፖስታ ይቀና ነበር፤ ኩባንያው ተዘጋ፣ ክፍያው ቀጠለ

ፍንጭት ከውበት በሚቆጠርበት በኢትዮጵያ፣ ጥርስ ማቃናት የቢሊዮኖች ንግድ ነው ቢባል ግር ሊል ይችላል። በአሜሪካ ግን ነው። ለረጅም ዘመን የልጆች ሕክምና ተደርጎ ሲታይ የኖረውን ሥራ ወደ አዋቂው ኪስ ያዞረው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት የስታንፎርድ የቢዝነስ ተማሪዎች የመሠረቱት አላይን ቴክኖሎጂ ነው። ከደንበኛ ፊት የሚቆም ጎልማሳ የጥርስ ሽቦ እንደሚያፍርበት ገባቸው። በሽቦው ፋንታ በየጊዜው እየተለወጠ ጥርስ ላይ የሚጠለቅ፣ መስታወት መሰል ፕላስቲክ በሐኪሞች በኩል ሸጡ።

በ2014 በናሽቪል የተቋቋመው ስማይል ዳይሬክት ክለብ ሐኪም ቤቱን ዘለለው። ደንበኛው የጥርሱን ልኬት እቤቱ ራሱ ይወስዳል፣ ሐኪም ከሩቅ ያየዋል፣ ፕላስቲኩ በፖስታ ይመጣል። ኩባንያው ከተለመደው ሕክምና እስከ 60 በመቶ ርካሽ ነኝ ይል ነበር። አንድ ጊዜ መክፈል ላልቻለም በየወሩ የሚከፈል ዱቤ አዘጋጀ።

በመስከረም 2019 አንዱን አክሲዮን በ23 ዶላር ሸጦ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። አክሲዮኑ በመጀመሪያው ቀን 28 በመቶ ወረደ። ገበያው ቀድሞ ሸቶት ነበር ማለት ይቻላል፤ ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ዓመታዊ ትርፍ አስመዝግቦ አያውቅምና። በመስከረም 2023፣ 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በታኅሣሥ ወር ጨርሶ ተዘጋ።

የመዝጊያ ማስታወቂያው ነው ብዙዎችን ያስቆጣው። ሕክምናው ቆሟል፣ የዕድሜ ልክ ዋስትናው ቀርቷል፤ በዱቤ የገቡት ግን ወርሃዊ ክፍያቸውን ይቀጥሉ ተባለ። ለነጋዴ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ተሰብሳቢ ሂሳብ ሀብት ነው፤ ባለቤቱ ቢከስርም አበዳሪዎቹ ይፈልጉታል። አገልግሎቱን አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ደግሞ መያዣ ካላቸው አበዳሪዎች ኋላ ይሰለፋል።

ዕቃው ጥርስ መሆኑ ጉዳቱን ያብሰዋል። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በተጫነበት ወገን አጥንቱ እየሟሸሸ፣ በተወው ወገን አዲስ እየበቀለ ነው። በአዋቂ ላይ ይህ ብዙ ወራት ይፈጃል፤ ከተቃናም በኋላ መያዣ ካላገኘ ወደነበረበት ይመለሳል። መንገድ ላይ የቀረው ደንበኛ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዶ እንደ አዲስ መክፈል ነበረበት፣ የፊቱን ዱቤ ሳይጨርስ። የ23 ዶላሩ አክሲዮንም ኪሳራው ሲታወጅ ከ1 ዶላር በታች ነበር።