ትልቁ ቦሎቄ ትልቅ ይወልዳል?

ስለ ውርስ በሚሰጥ ትምህርት ላይ የተለመደ ጨዋታ አለ። መምህሩ «ምላሳችሁን እንደ ቱቦ መጠቅለል የምትችሉ እጃችሁን አውጡ» ይላሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይሰፍርና «ይህ በአንድ ዘረመል የሚወረስ ባሕርይ ነው» ተብሎ ይዘጋል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1940 ያቀረበው አሜሪካዊው ተመራማሪ አልፍሬድ ስተርቴቫንት ነው። በ1952 ግን ፊሊፕ ማትሎክ ከአንድ እንቁላል የተገኙ 33 ጥንድ መንትዮችን ሲመረምር፣ በ7ቱ ጥንዶች አንደኛው ምላሱን ሲጠቀልል ሌላው አቃተው። የዘረመል ቅጂያቸው አንድ የሆነ ሰዎች ከተለያዩ፣ የልዩነቱ ምክንያት ሌላም ቦታ አለ ማለት ነው። ስተርቴቫንት ራሱ ኋላ ሐሳቡን ተወው። ጨዋታው ግን እስከ ዛሬ ቀጥሏል፤ ያለ ምንም ወጪ ክፍሉን ስለሚያስቅ ይመስለኛል።

ጉድለቱ ቆጠራው ላይ አይደለም። ልዩነት መኖሩን ማየት አንድ ሥራ ነው፤ ያ ልዩነት ወደ ልጅ መተላለፍ አለመተላለፉን ማወቅ ደግሞ ሌላ። ሁለተኛውን ጥርት አድርጎ ያሳየው የዴንማርኩ ተመራማሪ ቪልሄልም ዮሃንሰን ነው፤ መሣሪያው ቦሎቄና ሚዛን ነበር።

ቦሎቄ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። አበባው አብዛኛውን ጊዜ የሚዳቀለው በራሱ ብናኝ ነው። ስለዚህ ከአንዲት ፍሬ ተነስቶ ትውልድ በትውልድ የሚወርደው ዘር በዘረመል ረገድ አንድ ዓይነት ነው ሊባል ይችላል። ዮሃንሰን ለንግድ ከሚሸጥ ቦሎቄ 19 እንዲህ ያሉ የዘር ሐረጎችን ለየ። በአማካይ ክብደት ሐረጎቹ በግልጽ ይለያዩ ነበር፤ የከባዱ ሐረግ አንድ ፍሬ 642 ሚሊግራም ገደማ ሲመዝን የቀላሉ 351 ገደማ ነበር። በእያንዳንዱ ሐረግ ውስጥም ቢሆን ትልልቅና ትንንሽ ፍሬዎች አሉ። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ከአንዱ ሐረግ ትልልቆቹን ለብቻ፣ ትንንሾቹን ለብቻ እየዘራ ስድስት ትውልድ ጠበቀ። ምርጫው ምንም አላመጣም! የትልቋም የትንሿም ልጆች ወደዚያው ወደ ሐረጋቸው አማካይ ተመለሱ። በሐረጉ ውስጥ የታየው ልዩነት ከአፈሩ፣ ከውኃው፣ ፍሬዋ በቆባዋ ውስጥ ከያዘችው ቦታ የመጣ እንጂ የሚወረስ አልነበረም። ውጤቱን በ1903 አሳተመ፤ ለዘረመል «ጂን» የሚለውን ቃል በ1909 ያወጣውም እሱው ነው።

ልብ በሉ፤ ከተደባለቀው ዘር ትልልቁን ቢመርጥ ኖሮ አማካዩ ከፍ ይል ነበር፤ ምርጫው ከባዱን ሐረግ ከቀላሉ ይለያልና። ገበሬ ከማሽላ ማሳው መልካም መልካሙን ዛላ ለዘር ሲያስቀር የሚሳካለትም ማሳው ውስጥ የተለያየ ዘር ስላለ ነው።

ይህን ትምህርት ቤት ውስጥ መድገም አይከብድም። ሚሊግራም የሚለይ ሚዛን ከሌለ ርዝመቱን በማስመሪያ መለካት ይበቃል። መስከረም ላይ ተዘርቶ ውኃ ያገኘ ቦሎቄ፣ ውርጭ ካልቀደመው፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ሳያልቅ ይደርሳል። ከአንዲት እናት ተክል የተገኙትን ትልልቅና ትንንሽ ፍሬዎች በሁለት መደብ መዝራት፣ ሁለቱን መደቦች እኩል ማጠጣት፣ የየመደቡን አማካይ ማወዳደር። ዋናው ችግር እኩል ማጠጣቱ ነው፤ በጥላ ሥር ያለው መደብ ሙከራውን ሊያበላሸው ይችላል።

ዝግመተ ለውጥ የሚጀምረው ግን የሚወረስ ልዩነት ካለበት ነው። የዚህ ምስክር በጋላፓጎስ ደሴቶች፣ ዳፍኔ ሜጀር በተባለች ጠባብ ደሴት ላይ ይገኛል። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት ከ1973 ጀምሮ በዚያ ፊንች የተባሉትን ወፎች ምልክት እያሰሩ ይለኩ ነበር። ወላጆችንና ጫጩቶቻቸውን በማነጻጸርም የመንቆር ውፍረት በአብዛኛው የሚወረስ መሆኑ አስቀድሞ ታውቋል። በ1977 ዝናቡ ቀረ። ለስላሳዎቹ ትንንሽ ዘሮች አለቁና ጠንካራው እሾሃማ ፍሬ ብቻ ተረፈ። ከ1,200 ገደማ ወፎች የተረፉት 180 ያህል ሲሆኑ፣ ከነሱ አብዛኞቹ ያን ፍሬ መስበር የሚችል ወፍራም መንቆር ነበራቸው። በሚቀጥለው ዓመት የተፈለፈሉት ጫጩቶች መንቆርም ከድርቁ በፊት ከነበረው አማካይ በ4 በመቶ ያህል ወፈረ። አንድም ወፍ በሕይወቱ ሳለ መንቆሩን አላወፈረም፤ የተለወጠው ማን ወላጅ እንደሆነ ነው።

በ1983 ደግሞ ዶፍ ወረደ፤ ደሴቲቱ በትንንሽ ዘር ተሞላች፤ በ1984 እና በ1985 ሚዛኑ ወደ ትንንሾቹ ወፎች አጋደለ። ስለዚህ ፈተና ላይ «ወፍራም መንቆር ይሻላል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ አይገባም። በየትኛው ዓመት፣ ለየትኛው ፍሬ?