ግምጃ ቤት ጠባቂ ወይስ የንባብ አጋዥ? የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ሥራና ምዘና

በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ የሚያውሰው፣ የተመለሰውን ወደ መደርደሪያው የሚያስገባው፣ የተቀደደውን የሚጠግነውና የንባብ ክፍሉን ሥርዓት የሚያስከብረው ሰው ከመምህራን ረድፍ አይቆጠርም፤ በመዝገብ የሚሰፍረው ከአስተዳደርና ከድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ጋር ነው። የዚህ ሠራተኛ ተግባር ከየት እስከ የት እንደሆነና ትጋቱ በምን መለካት እንዳለበት የሚነሳው ጥያቄ ስለ ትምህርት ጥራት በተነጋገሩ ቁጥር ብቅ እያለ፣ የሕንፃና የመጻሕፍት እጥረት ጉዳይ ሲቀድመው ወደ ጎን እየተባለ የቆየ ነው። ሆኖም መጻሕፍቱ ከተማሪ እጅ መድረስ አለመድረሳቸው የሚወሰነው በብዛታቸው ብቻ ሳይሆን፣ የሚጠብቃቸው ሰው ምን እንዲሠራ ታዝዞ በምን እንደሚጠየቅ ጭምር በመሆኑ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ተገቢ ነው።

በሀገሪቱ ዘመናዊው የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት መልክ የያዘው ከላይ ወደ ታች ነው። ወመዘክር በሚለው አኅጽሮት የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ተከፍቶ በመስኩ የሁለተኛ ዲግሪ ሥልጠና መስጠት ጀመረ። በዚህ ደረጃ የሠለጠኑት ባለሙያዎች በዋናነት ወደ ዩኒቨርሲቲዎችና ወደ ምርምር ተቋማት የሚያመሩ በመሆናቸው፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት በአጭር ሥልጠና ወይም በልምድ ብቻ ለሚሠሩ ሰዎች ተተወ። በጤና ወይም በሌላ ምክንያት ከክፍል የወጣ መምህር በቤተ መጻሕፍት የሚመደብበት ልማድም ቦታው ሙያ የማይጠይቅ ማረፊያ ተደርጎ እንዲታይ አድርጓል።

የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራትና ተቋማት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መመሪያ ሁለት ዓይነት ሠራተኛን ይለያል። አንደኛው ከመምህራን ጋር ሆኖ ትምህርቱን የሚያቅድ፣ ክምችቱን የሚመርጥና ተማሪውን መረጃ እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስተምር ባለሙያ ሲሆን፣ ሁለተኛው በባለሙያው አመራር ሥር ሆኖ የማዋስ፣ የመመለስ፣ የመደርደርና አዲስ የገባውን መጽሐፍ ለአገልግሎት የማዘጋጀት ሥራ የሚያከናውን ደጋፊ ነው። በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ግን ደጋፊው እንጂ የሚደገፈው ባለሙያ የለም፤ ስለዚህ በሥራ መደቡ ረዳት የተባለው ሰው በተግባር የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆኖ ይገኛል።

ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ቢመስልም የራሱ ዕውቀት አለው። መጻሕፍትን በ10 ዐበይት የዕውቀት ክፍሎች የሚመድበው የድዊ ሥርዓት ለኢትዮጵያ ታሪክ 963ን ሲሰጥ፣ ይህን ቁጥር የማያውቅ ሠራተኛ የታሪክ መጽሐፉን በቁመቱ ወይም በቀለሙ ለመደርደር ይገደዳል። በካርድ ወይም በኮምፒዩተር የሚዘጋጀው የመጻሕፍት ዝርዝር፣ ማለትም ካታሎግ፣ በምዕራባውያን ልማድ ደራሲን በቤተሰብ ስም ሲያስገባ፣ በኢትዮጵያ ሁለተኛው ስም የአባት ስም በመሆኑ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሊፈለግ የሚገባው ሐዲስ በሚለው እንጂ ዓለማየሁ በሚለው ስም አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሕፈት ስለሚለያዩ፣ የትኛውን ፊደል እንደሚከተል አስቀድሞ ያልወሰነ መዝጋቢ የአንድን ደራሲ ሥራዎች በሦስት ቦታ በትኖ ያስቀምጣል፤ ተማሪውም መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ እያለ የለም ተብሎ ይመለሳል።

በዚህ ላይ የንብረት ኃላፊነት ይጨመራል። መጽሐፍ በመንግሥት አሠራር ንብረት ነው፤ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ የተረከበው ሠራተኛም ቆጠራ በመጣ ጊዜ ለጎደለው ይጠየቃል። ሕዝብ ሀብቱን ለመጠበቅ ይህን ሥርዓት ማበጀቱ ትክክል ነው፤ ችግሩ በአገልግሎት ያለቀ መጽሐፍና በቸልተኝነት የጠፋ መጽሐፍ በአንድ ዓይን የሚታዩ ሲሆን ነው። የጎደለ መጽሐፍ ዋጋ ከደመወዙ ሊቆረጥ እንደሚችል የሚያስብ ሠራተኛ ወደ ቤት ማዋስን ያቆማል፣ መደርደሪያውን በመስኮት ጀርባ ይዘጋል፣ አዲሱን መጽሐፍ ከካርቶኑ አያወጣም። ያረጀውንና ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ የሆነውን መጽሐፍ ለማስወገድም የኮሚቴ ውሳኔና ረጅም የወረቀት ጉዞ ስለሚያስፈልግ፣ መደርደሪያው በማይነበብ መጽሐፍ ተሞልቶ በቁጥር ሲታይ ግን ሙሉ ይመስላል።

የመማሪያ መጻሕፍት ሥርጭትም በብዙ ትምህርት ቤቶች በዚሁ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ያርፋል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም መጻሕፍትን በብዛት ለትምህርት ቤቶች ማድረስን ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ካደረገ ወዲህ፣ መጻሕፍቱን መቀበል፣ መስከረም ላይ ማደል፣ ሰኔ ላይ መሰብሰብና ያልመለሰውን ተማሪ መከታተል ሰፊ ጊዜ የሚበላ ሥራ ሆኗል። ትምህርቱ በሚጀመርበትና በሚጠናቀቅበት ወቅት የንባብ ክፍሉ ተዘግቶ የሚታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ቢሆንም፣ ሥራው በተግባር ዝርዝሩ ላይ በግልጽ ስለማይሰፍር በምዘናው ጊዜ አይታይም።

የምዘናው ታሪክ ከሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ጋር የተያያዘ ነው። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሥራ ክፍሎችን እንደገና አዋቀረ፤ የውጤት ተኮር ምዘና ተከትሎት መጥቶ የተቋሙ ግብ እስከ እያንዳንዱ ሠራተኛ እንዲወርድና አፈጻጸሙ በአብዛኛው በየስድስት ወሩ በነጥብ እንዲለካ አደረገ። ኋላ የመጣው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ደግሞ የሥራ መደቦችን በነጥብ አወዳድሮ በ22 ደረጃዎች መደበ። ይህ የሚመዝነው ሰውን ሳይሆን ሥራውን ነው፤ መደቡ የሚጠይቀውን ዕውቀት፣ ጥረትና ኃላፊነት ይመለከታል፤ ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሥራ በተግባር ዝርዝሩ ላይ በመክፈትና በመዝጋት ብቻ ከተገለጸ መደቡ የሚያገኘው ደረጃም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። መምህሩ ከጀማሪ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር የሚያደርሰው የዕድገት መሰላል ሲኖረው፣ ድጋፍ ሰጪው ሠራተኛ በዚያ መሰላል ላይ ቦታ የለውም።

ምዘናውን የሚሞላው የቅርብ አለቃ አብዛኛውን ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሙያ የሌለው ስለሚሆን፣ ቅጹ በሰዓት መገኘት፣ በታዛዥነትና በንብረት አያያዝ ዙሪያ ይሽከረከራል። ወደ ውሰት ቁጥር መዞር መልካም ቢሆንም ብቻውን ፍትሐዊ አያደርገውም። 1,200 ተማሪዎች ያሉትና አንድ ሠራተኛ ብቻ የተመደበለት ትምህርት ቤት የ20 ደቂቃ ዕረፍት አለው ቢባል፣ እያንዳንዱ ውሰት 1 ደቂቃ ቢወስድ በአንድ ዕረፍት የሚስተናገዱት 20 ተማሪዎች ናቸው፤ ሁሉም ተራ በተራ ይዋሱ ቢባል አንድ ዙር ለመሙላት 60 የትምህርት ቀናት ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ሠራተኛው ሊጠየቅ የሚገባው በእጁ ባለው ጉዳይ ነው፦ ቤተ መጻሕፍቱ በተነገረው ሰዓት ተከፍቷል ወይ፣ የተመለሰ መጽሐፍ በስንት ቀን ወደ ቦታው ይመለሳል፣ አዲስ መጽሐፍ ተመዝግቦ ለአንባቢ የሚቀርበው በስንት ሳምንት ነው፣ የተጠየቀ መጽሐፍ በካታሎጉ መሠረት ይገኛል ወይ። የበጀቱ፣ የሕንፃውና የሠራተኛው ቁጥር ጉዳይ የአመራሩ መለኪያ መሆን አለበት።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ከፍሎ በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል። ቤተ መጻሕፍት በዚህ አከፋፈል በዋናነት በግብዓት ረድፍ ስለሚታይ፣ ክፍሉና መጽሐፉ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ በውስጡ የሚከናወነው ሥራ ያን ያህል ትኩረት አያገኝም። በ2002 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ካሳየ በኋላ፣ ንባብ የቋንቋ መምህሩ ብቻ ጉዳይ ነው ማለት አስቸጋሪ ሆኗል፤ ሕፃኑ ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ የሚያነበውን ነገር ሊያገኝ የሚችልበት የመጀመሪያው ቦታ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ነውና።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አጭር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሥርጭት ከቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ተለይቶ በተግባር ዝርዝሩ ላይ ሊጻፍ፣ በንባብ ያለቀ መጽሐፍ በቸልተኝነት ከጠፋው ተለይቶ በየዓመቱ ሊወራረድ፣ ምዘናውም ከመጽሐፉ ቆጠራ ጎን የአንባቢውን ቆጠራ ሊይዝ ይገባል። አንዲት ቅጠል ሳትጎድልበት ዓመቱን የፈጸመ ቤተ መጻሕፍት በንብረት ቆጠራ ሙሉ ነጥብ ያገኛል፤ በትምህርት ሚዛን ግን ያ መጻሕፍቱ ያለመነካታቸው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።