ስለ ቢር ዘይት አሮጌ ሰፈርና ስለ ጠባቂዎቹ

ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የራማላህን ከተማ አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ የወይራ ተክል በሸፈናቸው ኰረብታዎች መካከል ቢር ዘይት የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ስሟ ዐረብኛ ነው። ቢር ማለት ጕድጓድ ነው፤ ዘይት ማለትም ያው በግእዝም በአማርኛም ዘይት የምንለው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በግእዝ ዘይት ለቅባቱም ለዛፉም ይነገራል፤ ስለዚህም ደብረ ዘይት ሲባል የወይራ ተራራ ማለት ይሆናል። ዐረብኛው ግን ቅባቱን ዘይት፥ ዛፉንና ፍሬውን ዘይቱን ብሎ ይለያቸዋል። እንግዲህ ቢር ዘይት የዘይት ጕድጓድ ማለት ነው። የአገሩ ሰዎችም ስሙ የወጣላት በቀድሞ ዘመን የወይራ ዘይት በጕድጓድ ይከማችባት ስለ ነበረ ነው ይላሉ።

በከተማዪቱ መካከል አሮጌው ሰፈር አለ። ቤቶቹ አብዛኞቹ በኦቶማን መንግሥት ዘመን የተሠሩ፥ እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው የቆሙ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። የአንድ ቤተ ዘመድ ቤቶች አንድ ግቢ ከበው ይሠራሉ፤ ይህንም ግቢ ሐውሽ ይሉታል።

የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። ድንጋይ ጠራቢው ኖራማውን ድንጋይ እዚያው ከኰረብታው ይፈነቅላል፤ ግንበኛውም አንድ ረድፍ በውጭ፥ አንድ ረድፍ በውስጥ እየደረደረ መካከሉን በኮረትና በምርጊት ይሞላዋል። ይህ ግንብ አንድ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው የበጋውን ሙቀት፥ የክረምቱንም ብርድ ይመልሳል። ረዥም የጣራ እንጨት በዚያ አገር እንደ ልብ አይገኝምና ጣራው ራሱ ድንጋይ ነው፤ ከአራቱ ማዕዘን የሚነሡት ቅስቶች በመካከል ይገናኛሉ፤ ይህንም ዐቅድ ይሉታል። በጣራው ላይ የሚወርደው ዝናም በቦይ ተመርቶ ከሥር ወደ ተፈለፈለው ጕድጓድ ይገባል። በውስጥ በኩል ዝቅ ያለው ወለል የከብቶች ማደሪያ ሲሆን፥ ከፍ ያለው መደብ የሰዎች መኖሪያ ነው። እህል የሚቀመጥባቸውን ጎታዎችም ሴቶች ከጭቃና ከጭድ ይሠሯቸዋል። በቤተ ጃላ የተወለደው ሐኪም ተውፊቅ ካንዓን በ1933 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጽሑፍ የፍልስጥኤምን ቤት ክፍል በክፍል እየለየ ከነስማቸው መዝግቦ አቈይቶታል።

ነገር ግን ቅስቱ የሚደፈንበት ቀን ለአንድ ባለቤትና ለአንድ ግንበኛ ብቻ የሚቻል አልነበረም። ብዙ ድንጋይና ብዙ ምርጊት ሳይቋረጥ ወደ ላይ መቀባበል ያስፈልጋልና፥ ጎረቤት ሁሉ ያለ ደመወዝ እየመጣ ይሠራ ነበር፤ ባለቤቱም ምግብ ያቀርባል፥ ሥራውም በዘፈን ይፈጸማል። ይህን መረዳዳት ዐውነህ ይሉታል፤ ቃሉም ከዕርዳታ የወጣ ነው። በአማርኛ ደቦ የሚባለው መሆኑ ነው። ስለዚህ አሮጌው ቤት የባለቤቱ ርስት ቢሆንም፥ በጣራው ላይ የጎረቤቱ ሁሉ ላብ አለበት።

ከ20ኛው መቶ ዘመን እኩሌታ ወዲህ ይህ ሰፈር እየተራቈተ ሄደ። ምክንያቱም አንድ አይደለም። ሲሚንቶና ብረት በመጡ ጊዜ ሰው ሰፋ ያለ አዲስ ቤት በከተማው ዳር መሥራትን መረጠ። ብዙዎችም እንጀራ ፍለጋ ወደ ባሕር ማዶ ተሰደዱ። የቀረውም ቤት ለልጆችና ለልጅ ልጆች እየተከፈለ ሄደና አንዱ ክፍል የብዙ ወራሾች ሆነ፤ ከወራሾቹም እኩሌቶቹ በሩቅ አገር ስላሉ የሚያድሰውም የሚሸጠውም ጠፋ። ደግሞ በ1924 ነቢሃ ናስር የምትባል የከተማዪቱ ልጅ የከፈተችው ትንሽ ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ አድጎ በ1975 ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር፤ ይህም ዩኒቨርሲቲ ከዚያ በኋላ ከከተማው ውጭ ወደ ተሠራለት ሰፊ ግቢ ሲዛወር፥ በአሮጌው ሰፈር ዘንድ ይመላለስ የነበረው ተማሪ አብሮ ሄደ። ሰው የለቀቀው ቤት ፈጥኖ ይፈርሳል፤ ጣራውን የሚጠግን ባለመኖሩ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ምርጊቱን ያጥባልና።

ሕግም ቢሆን አልደረሰለትም። በእንግሊዝ የሞግዚትነት ዘመን በ1929 የወጣው የጥንታዊ ዕቃዎች ሕግ ከ1700 በፊት ሰው የሠራውን ብቻ ጥንታዊ ብሎ ይጠብቅ ነበር፤ በ1966 የወጣው የዮርዳኖስ ሕግም ይህንኑ ድንበር ይዟል። የቢር ዘይትና የመሰሎቿ መንደሮች ቤቶች ግን አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ ባለቤቱ ሊያፈርሳቸው ቢፈልግ የሚከለክለው አልነበረም። አዲሱም ቅርስ በሕግ እንዲጠበቅ የሚያደርግ ድንጋጌ የፍልስጥኤም አስተዳደር ያወጣው በ2018 ነው። በዚህ መካከል ባሉት ዓመታት ቤቶቹን ያቈያቸው ሕግ ሳይሆን የሰዎች ፈቃድ ነበረ።

ከነዚህ ሰዎች መካከል በፊት የሚጠሩት ሪዋቅ የተባለው ማኅበር አባሎች ናቸው። ይህን ማኅበር የሥነ ሕንፃ ባለሙያዪቱ ሱዓድ ዓሚሪ በ1991 በራማላህ አቋቋመችው። መጀመሪያ የተያዘው ሥራ መጠገን ሳይሆን መቍጠር ነበረ፤ ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው ምን እንደሚጠፋበት ሊያውቅ አይችልምና። ባለሙያዎችና ተማሪዎች መንደር ለመንደር እየዞሩ ከ400 በሚበልጡ ስፍራዎች የሚገኙ 50 ሺህ ያህል አሮጌ ሕንፃዎችን መዘገቡ። በመዝገቡም ከቤቶቹ እኩሌታ ያህሉ በ50 መንደሮች ውስጥ መሆናቸው ስለ ታወቀ፥ ሥራው ከየት እንደሚጀመር ግልጥ ሆነ። በ2000 ሁከት ተነሥቶ መንገዶች በተዘጉና ሥራ በጠፋ ጊዜም ማኅበሩ በ2001 ጥገናውን ሥራ ላጡ ሰዎች የዕለት እንጀራ አደረገው፤ ገንዘቡም ለሠራተኛውና ለአገሩ ድንጋይ እንዲውል ሆነ።

በቢር ዘይት ሥራው የተዠመረው በ2007 ነው። ሪዋቅ ከማዘጋጃ ቤቱና ከነዋሪዎቹ ጋራ ሆኖ መንገዶቹን በድንጋይ አስነጠፈ፥ የቤቶቹን ፊት አስጠገነ፥ አንዳንዶቹንም ቤቶች ለማኅበር፥ ለትምህርትና ለንግድ እንዲሆኑ አዘጋጀ። በጥገናው ጊዜ ሽማግሌዎቹ ግንበኞች ለወጣቶቹ ያስተማሩት አንድ ዋና ነገር አለ፤ እርሱም አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ እንዳይለሰን ነው። የኖራ ምርጊት እንደ ልብስ ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ይይዛል፤ የታፈነውም ርጥበት ለስላሳውን ድንጋይ ይልጠዋል። ስለዚህ ባለማወቅ የተደረገ ጥገና ካለመጠገን የከፋ ሊሆን ይችላል። ይህ የቢር ዘይት ሥራ በ2013 የአጋ ካን የሥነ ሕንፃ ሽልማት ከተሰጣቸው አምስት ሥራዎች አንዱ ሆኗል።

በዚያው በ2007 ደግሞ ከከተማዪቱ ሰዎች መካከል ሮዛና የሚባል የሕንፃ ቅርስ ማኅበር ተቋቋመ። የዚህ ማኅበር ሐሳብ፥ ሰው ያልረገጠውን መንገድ ድንጋይ ማንጠፍ ብቻውን አያድነውም የሚል ነው። ስለዚህ የቢር ዘይት የቅርስ ሳምንት የሚባለውን በዓል ሲያዘጋጅ ቈይቷል። በበዓሉ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች ጎዳናውን ይጠርጋሉ፥ እንግዳውን በሐውሾቹ መካከል እየመሩ ያሳያሉ፤ የመንደር ሴቶች ጥልፍና ምግብ ይሸጣሉ፤ ደብካ የሚባለውም የአገሩ ጭፈራ ይጨፈራል። ቤቱ ተዘግቶበት ያደገ ልጅ በሩ ተከፍቶ ሲያየው፥ ፍርስራሽ የመሰለው ነገር የአያቱ እጅ ሥራ መሆኑን ይረዳል።

ይሁን እንጂ ችግሩ ሁሉ አልቋል ማለት አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው የባለቤቱን ልብ ማግኘት ነው። አንድን ክፍል ለማደስ የብዙ ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል፤ ከነርሱም አንዱ “ዛሬ ያደሱልኝ ነገ ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው” ብሎ ቢጠራጠር ሥራው ይቆማል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ የተያዘው ልማድ ይህ ነው፤ ማኅበሩ ቤቱን ያድሳል፤ ባለቤቱ ለተወሰኑ ዓመታት ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ይፈቅዳል፤ ዘመኑ ሲፈጸም ቤቱ ከነእድሳቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ርስት ሳይነካ ቅርስ ይጠበቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከበዓሉ ራሱ ሊመጣ ይችላል። እንግዳ ለጥቂት ቀን ተሰብስቦ ሲበተን ሰፈሩ ተመልሶ ባዶ ከሆነ፥ ቤቱ የሚታይ ነገር ሆነ እንጂ የሚኖሩበት አልሆነም። ቤትን የሚጠብቀው በየዓመቱ የሚመጣ ተመልካች ሳይሆን በየማታው መብራት የሚያበራ ነዋሪ ነው። ስለዚህ የጠባቂዎቹ ድካም የሚለካው በእንግዶቹ ብዛት ሳይሆን፥ በአሮጌው ሰፈር ሱቅ በከፈቱ፥ በተከራዩና ልጆቻቸውን ባሳደጉ ሰዎች ቍጥር ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። የቢር ዘይት ቤቶች ሲሠሩ የአንድ ሰው ጕልበት አልበቃቸውም፤ ሲጠበቁም የአንድ ሰው፥ የአንድ ሕግም ሆነ የአንድ ማኅበር ጕልበት አይበቃቸውም። ምሳሌው “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው” እንደሚል፥ ለአንድ ወራሽ ዕዳ የሆነው አሮጌ ግንብ ለመላው ከተማ ጌጥ ሊሆን ችሏል። አያቶቻቸው ቅስቱን ለመድፈን በደቦ እንደ ወጡ፥ የልጅ ልጆቹም ያን ቅስት እንዳይወድቅ ለመደገፍ በደቦ ወጥተዋል፤ ሥራውም ስሙም ያው ዐውነህ ነው።