የእንዳ ኢየሱስ ምሽግና የወሰኑ ታሪክ

ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት ውል ስሙን ያገኘው ከግራና ብዙ ከማይርቀው ከውጫሌ ነው። በውሉ 3ኛ አንቀጽ የሁለቱ አገሮች ወሰን ተለይቶ ነበር፤ ነገር ግን 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ልዩ ልዩ ትርጉም ስለ ያዘ ጠብ ተነሣ።

ጠቡ ግን የቃላት ጠብ ብቻ አልነበረም። በባሮን ሌዎፖልዶ ፍራንኬቲ አሳሳቢነት በኤርትራ ደጋ የሕዝቡ መሬት እየተወሰደ ከኢጣልያ ለሚመጡ ገበሬዎች ይታደል ጀመር። ርስቱ የተነካበት ባላገር አዘነ፤ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በአካለ ጉዛይ ተነሥተው በጦርነት ወደቁ። ከዚህ በኋላ የኢጣልያ ጦር ወደ ትግራይ እየገፋ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ መቀሌን ያዘ፤ በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይም ምሽግ ሠራ።

የምሽጉ ዕድሜ ግን ከጥቂት ወራት አላለፈም። ኅዳር 28 ቀን ራስ መኰንን፣ የወሎው ራስ ሚካኤል፣ የየጁው ራስ ወሌና ሌሎችም መኳንንት በአምባ አላጌ የሻለቃ ቶዜሊን ጦር ስለ ደመሰሱ ምሽጉ ያለ ረዳት ቀረ። በውስጡ ሻለቃ ጋሊያኖ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ወታደር ይዞ ነበር፤ የሚበዙትም የአገር ተወላጆች አስካሪዎች ነበሩ። ግንቡ በጥቃት አልደፈር አለ፤ የውሃው ምንጮች ግን ከግንቡ ውጭ ነበሩ። ይህን የተገነዘቡት እቴጌ ጣይቱ ምንጮቹ እንዲያዙ መከሩ፤ ሰዎቻቸውም ሄደው ያዟቸው። ጥም የጸናባቸው ወታደሮች በጥር ወር አጋማሽ ምሽጉን ለቀቁ። ዐፄ ምኒልክም ከነመሣሪያቸው አሰናበቷቸው። ይህ ምሕረት የጦር ስልትም ነበረበት፤ ተሰናባቾቹ ታጅበው ሲጓዙ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ወደ አድዋ አቅጣጫ አለፈ። ጋሊያኖም የካቲት 23 ቀን በአድዋ ሞተ።

ተመሳሳይ ነገር በሰሜን አሜሪካ ደርሷል። ወደ ወርቅ አገር የሚወስደውን መንገድ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1866 የተሠራው የፊል ኪርኒ ምሽግ፣ በላኮታዎችና በተባባሪዎቻቸው ተጋድሎ በ1868 ተለቅቆ ተቃጠለ። በሁለቱም ስፍራ ምሽጉ የቆመው በሌላ ሰው ርስት ላይ ነበረ። ስለዚህ የእንዳ ኢየሱስን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከግንቡ ውፍረት ይልቅ ምንጩና መንገዱ በማን እጅ እንደ ነበሩ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።