ከማሸት በፊት መቁጠር

ከአምባሰል ቁልቁለት ወርደው ሐይቅ ከተማ እኔ ጋ ለመታሸት የሚመጡ አባቶች «ቶሎ ጀምሪልኝ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ይሉኛል። «አብሽሩ አባባ፣ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ አረፍ ይበሉ።» ከመንገድ እንደገቡ የሚለካ የልብ ምት ያሳስታላ! ያረፈ አዋቂ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንፋሽ ስቆጥር ግን አልናገርም፤ ሰው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይለወጣል።

ከሁሉ የምፈራው ባትን ነው። እግሩ ተሰብሮ በጄሶ የሰነበተ ሰው አንዱ ባቱ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ካመመው አላሸውም። ወጌሻም እንዳያሸው! ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ተነቅሎ ከሄደ የሳንባ ደም ሥር ይዘጋል። የዚያን ቀን ሥራዬ ወደ ሐኪም መላክ ብቻ ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ወዲያው ወደ ደሴ ሐኪም ነው፤ ደሴ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።