ትዳሩ መቼ ፈረሰ? የቤተሰብ ሕግ ከ25 ዓመት በኋላ፣ ከጃናሞራ ሲታይ

በተለምዶ «የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ» የምንለው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. 25 ዓመት ሞላው። ስለ እርሱ የሚጻፈውም የሚነገረውም አብዛኛው የከተማ ጉዳይ ነው። ሕጉ ራሱ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ብቻ በመሆኑ ይህ አይገርምም። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። አንዲት የሰሜን ጎንደሯ የጃናሞራ ወረዳ ሴት በወረዳው ከተማ በመካነ ብርሃን ክስ ስታቀርብ ዳኛው የሚገልጠው ይህንን ነው። ይግባኝ ካለች ደባርቅ ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ሰበር ካስፈለገም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርባት ይችላል። ሁለቱ ሕጎች በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች ተመሳሳይ ስለሆኑ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአንቀጽ ቁጥሮች የፌዴራሉ ናቸው።

ስለ ቤተሰብ ሕግ ሲወራ ጥያቄዎቹ ተነጣጥለው ይቀርባሉ፦ ልጁን ማን ያሳድግ? ቀለቡ ስንት ይሁን? መሬቱ እንዴት ይከፈል? ማን ይውረስ? እኔ ከሁሉም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ትዳሩ መቼ ፈረሰ? የዚህ መልስ ሲዛባ የቀሩትም አብረው ይዛባሉ። በሰሜን ተራሮች ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዛባው ይኸው ነው።

የቀድሞውን ታሪክ ባጭሩ ላንሣው። ደጋው ላይ ጋብቻ በቁርባንም በሰማንያም ይታሰር ነበር። የቁርባኑ እስከ ሞት የሚጸና ነው፤ የሰማንያው በሽማግሌ ፊት ይታሰራል፣ በሽማግሌ ፊት ይፈታል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንን ልማድ በከፊል ወደ ሕግ አስገባው። ፍቺን የማየት ሥልጣን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር፤ የቤቱ አስተዳዳሪም ባል ነበር። ያለ ከባድ ምክንያት ፍቺ የጠየቀ ወገን በንብረት ክፍፍሉ ላይ ሊቀጣ ይችል ነበር።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ሲደነግግ የድሮው ምዕራፍ መቆሚያ አጣ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት መዓዛ አሸናፊ ለማሻሻያው ያደረጉት ጉትጎታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተገቢ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል። አዲሱ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገ። የፍቺን ሥልጣን ከሽማግሌ ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ የጋራ ንብረትም በእኩል እንዲካፈል ደነገገ። ትዳሩን ያፈረሰው ወገን ጥፋት ካለበት ፍርድ ቤቱ ካሳ ሊያስከፍለው ይችላል፤ የንብረት ድርሻው ግን በጥፋቱ ምክንያት አይቀነስም።

ዛሬ የሽማግሌ ሚና ማስታረቅ ነው። ተጋቢዎቹ ተስማምተው ወይም አንዳቸው ብቻ ፍቺ ሲጠይቁ ፍርድ ቤቱ መክሮ፣ ሽማግሌ አስመርጦ፣ ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፤ ካልሆነ ፍቺውን ይወስናል። ደጋው ላይ ግን ሽማግሌው አሁንም ያፋታል። አንድ በሬ ለእርሱ፣ አንድ በሬ ለእርሷ፣ በጎቹ በቁጥር፣ ገብሱ በቁና ተሰፍሮ ይከፈላል። ሦስት አራት ሰው የፈረመበት ወረቀት ይጻፍና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹን አልነቅፍም፤ ፍርድ ቤት የአንድ ቀን መንገድ በሆነበት አገር ሰላም የሚያወርዱት እነርሱ ናቸው። ያ ወረቀት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ግን በሕግ ፊት ትዳሩ አልፈረሰም። ባልየው ሌላ ሲያገባ፣ ሴትየዋ ሌላ ልጅ ስትወልድ፣ ወይም ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱ ጉዱ ይፈላል።

ወረቀትም ሽማግሌም የሌለበት መለያየት ደግሞ አለ። ባል ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ ወይም ወደ ሁመራ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ይልካል፣ በሁለተኛው ወሬ ብቻ ይመጣል፣ በሦስተኛው ወሬውም ይቀራል። አንዳንዱ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሷል። ሚስት መሬቱን በእኩል እያሳረሰች ልጆቿን ታሳድጋለች። ይህች ሴት ባለትዳር ናት ወይስ ፈት?

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በሰበር መዝገብ ቁጥር 20938 የሰጠው ውሳኔ የሚነካው ይህንኑ ነው። ችሎቱ ተጋቢዎች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ መሥርተው ከኖሩ፣ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው እንደፈረሰ ይቆጠራል አለ። በወቅቱ በሥራ ላይ በነበረው አዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት የሰበር የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤትን ስለሚያስገድድ ይህ የአንድ መዝገብ ውሳኔ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 75 ግን ጋብቻ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ቆጥሮ አስቀምጧል፤ ሞት ወይም የመጥፋት ውሳኔ፣ ጋብቻው ሕግ ጥሶ በመፈጸሙ ፍርድ ቤት እንዲፈርስ ሲወስን፣ እና ፍቺ። ተለያይቶ መኖር ከነዚህ መካከል የለም። የሕግ ምሁሩ መሐሪ ረዳኢ በኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ጋብቻ በመለያየት ብቻ ይፈርሳል የሚለውን አስተሳሰብ በሕግ መሠረት የሌለው ተረት ብለው ተችተውታል። እኔም ከእርሳቸው ጋር ነኝ።

የውሳኔው ደጋፊዎች የሚሉትን አላቃልልም። ከሃያ ዓመት በፊት ጥሎ የሄደ ሰው ከሌላ ሴት ጋር ሲኖር፣ ያቺ ሴት ደክማ ያፈራችውን ሀብት «ሕጋዊ ሚስቱ ነኝ» በምትል የቀድሞ ሚስቱ ማስወሰድ ፍትሕ አይመስልም። በከተማ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ቤት ሠርተው ሲገኙ፣ ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። በጃናሞራ ግን ሁለቱ እኩል አይለያዩም። የሚሄደው አንዱ ነው፤ የምትቀረው ከመሬቱ፣ ከልጆቹና ከአማቶቿ ጋር ትቀራለች። ትዳሩ በዝምታ ፈርሷል ከተባለ፣ የፈረሰበትን ቀን የሚመርጠው በኋላ የሚመጣው ተከራካሪ ነው። እርሷ በብቸኝነት ያፈራችው ንብረት መቼ የጋራ መሆኑ እንደቀረ፣ እርሱ ቆላ ያፈራውስ እስከ መቼ የጋራ እንደነበር በምስክር ቃል ብቻ ይለካል፤ ምስክሮቹም አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ዘመዶች ናቸው። በአንቀጽ 63 መሠረት በትዳር ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። ይህ ጋሻዋ ነው፤ ትዳሩ ያበቃበት ቀን ሲደበዝዝ ጋሻውም አብሮ ይወድቃል።

ወደ ልጆቹ ልለፍ። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ የእናቱ ነው የሚለው እምነት አሁንም በሰፊው ይሰማል። ያ የ1952ቱ ሕግ ነበር። የአዲሱ ሕግ አንቀጽ 113 ዕድሜን ቆርጦ አላስቀመጠም፤ ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም አይቶ ይወስናል። በዚህ ዘርፍ ከሁሉም የማደንቀው የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ነው፤ የተወሰነው በ2000 ዓ.ም. ነው። ልጁን ለዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። አባት ተነሥቶ፣ እናቱ ሞታለች፣ በሕግ አሳዳሪው እኔ ነኝ ብሎ ጠየቀ፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶችም ፈረዱለት። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ የልጁ ጥቅም ከአባትነት ሥልጣን ይቀድማል አለ፤ ልጁ ካሳዳጊው ዘንድ እንዲቆይም ወሰነ። አያትና አክስት ልጅ በሚያሳድጉበት ደጋ ይህ ፍርድ በየቀበሌው ሊነበብ የሚገባው ነው።

ቀለብን በተመለከተ ሕጉ ቁርጥ ያለ ስሌት የለውም፤ ተቀባዩ የሚያስፈልገውና ከፋዩ ያለው አቅም ይመዘናል። ደመወዝ ያለው መምህር ላይ ማስፈጸም ቀላል ነው። ገብስና ድንች ከሚያመርት ገበሬ በየወሩ ብር መሰብሰብ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ይሆናል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ ፍቺ ከተወሰነ በኋላ ባል ለሚስት፣ ሚስትም ለባል ቀለብ የመስጠት ግዴታ የለባቸውም። ቀለቡ የልጆቹ ነው። ልጁን አልቀልብም ያለ ወላጅ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ሊከሰስ ይችላል። ጉዲፈቻና የአባትነት ክርክር የየራሳቸው ሰፊ ሕግ አላቸው፤ እዚህ አልገባባቸውም።

ያለዕድሜ ጋብቻን ግን ሳላነሣ አላልፍም፤ አማራ ክልል በዚህ የታወቀ ነው፣ ደጋውም አያመልጥም። በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 መሠረት 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች የሆነችውን ያገባ እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የክብር መዝገብ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ ዛሬ ለጋብቻ የደረሱት አብዛኞቹ ልጃገረዶች ሲወለዱ የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ስለዚህ ዕድሜያቸው በወላጅ ቃል ይቆማል፤ ወላጁም ሙሽራውን የመረጠው ሰው ነው።

መሬት የሁሉም ክርክር መጨረሻ ነው። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መስፈሩ በእኔ ግምት ከማንኛውም አዋጅ በላይ የሴቶችን አቋም አጽንቷል። ሴትየዋ የማታነበው ደብተር ቢሆንም ፎቶዋን ታውቀዋለች። ያም ሆኖ በፍቺ ጊዜ «መሬቱ ከጋብቻ በፊት የእኔ ነው» የሚል ሙግት አይጠፋም። ውርሱ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። አዋጅ 456/1997 የገጠር ይዞታ ለቤተሰብ አባል እንዲተላለፍ ሲፈቅድ፣ የቤተሰብ አባል ማለት ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ የእርሱን መተዳደሪያ የሚጋራ ማለት ነው ብሎ ነበር። ዳባት ያገባች ልጅና ጎንደር የሚሠራ ወንድሟ በዚህ ትርጉም ከደጅ ይቀሩ ነበር። ያንን አዋጅ 1324/2016 ተክቶታል፤ ክልሉም የራሱ አዋጆች አሉት፣ 133/1998ና በኋላ የመጣው 252/2009። ባለጉዳይ መሬቱን የሚመለከተው የትኛው እንደሆነ ጠበቃ ሳያማክር ወደ ክስ ባይገባ እመክራለሁ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ቤት፣ ከብትና ገንዘብ አሁንም የሚወረሱት በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ልጆች፣ ወንድም ሴትም፣ በትዳርም ያለ ትዳርም የተወለዱ፣ እኩል ይወርሳሉ። አስቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ልጆቹ በእርሱ ቦታ ይገባሉ። ልጅ ከሌለ ተራው የአባትና የእናት ነው። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን አትወርስም፤ የምትወስደው ከጋራው ንብረት ግማሽዋን ነው። በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ በቃል መናዘዝ ደጋው ላይ የተለመደ ነው፤ ሕጉ ግን በ2 ምስክሮች ፊት የሚደረግ የቃል ኑዛዜን የሚቀበለው ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች ሞግዚት መሾምና ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ በራስ እጅ የተጻፈ ወይም በ4 ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ ይሁን። ወራሽነቱን የተነጠቀ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ እጅ መሆኑን ካወቀ ጀምሮ 3 ዓመት አለው፤ «ወንድሜ ነው፣ ዝም ልበል» እያሉ የሚያልፉት ጊዜ የሚቆጠረው ከዚህ ላይ ነው።

«ትዳሩ መቼ ፈረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ጦርነት ደግሞ ይበልጥ አክብዶታል። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ደርሶ በወሩ መጨረሻ በጭና ተክለሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። አንዳንዱ ቤተሰብ ሰዉን ቀብሯል። አንዳንዱ ደግሞ የት እንደወደቀ አያውቅም፤ ሬሳ የለም፣ የሞት ምዝገባ ወረቀት የለም፣ ሚስት ግን አለች፣ ልጆች አሉ፣ መሬት አለ።

ለእነዚህ ሴቶች፣ ባሏ መተማ ወርዶ ለቀረባት ሚስትም ጭምር፣ ሕጉ ከ1952 ጀምሮ መልስ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት 2 ዓመት ሙሉ ወሬው ያልተሰማ ሰው ጠፍቷል ተብሎ እንዲወሰን ጉዳዩ የሚመለከተው ሁሉ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው የመጨረሻ ሲሆን ጋብቻው በዚያ ቀን ይፈርሳል። ቀኑ የታወቀ ነው፤ በምስክር አይገመትም፣ ተከራካሪ አይመርጠውም። ባልየው በሕይወት እንዳለ የሚታወቅ ከሆነ ደግሞ እርሱ በሌለበትም ቢሆን ፍቺ መጠየቅ ይቻላል። ሁለቱም መንገድ መካነ ብርሃን ላይ በአንድ ማመልከቻ ይጀመራል። ማመልከቻዋ ላይ የይዞታ ደብተሩ ቅጂ፣ የልጆቿ ስምና ዕድሜ፣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታና ጊዜ፣ የሚያውቁት 2 ወይም 3 ሰዎች ስም ከተያያዘ ዳኛው ሥራውን ለመጀመር በቂ ነገር አለው።